መሸሻ አውሮፕላን ሲያለብስ

መሸሻን ለማወቅ ዊንጌት የታክሲ ሰልፍ ላይ አብሮት መቆም ይበቃል። ከፊቱ ያለው ሰው ጋቢ ለብሶ ከሆነ አለቀለት። ጠርዙን በሁለት ጣቱ ይዳብስና መጀመሪያ ማን እንደሸመነው፣ ቀጥሎ ሸማኔው የት ላይ እንደሰነፈ ይነግረዋል። ሰውየው አልጠየቀም፤ መሸሻ ግን ለመመለስ ጥያቄ ጠብቆ አያውቅም። እኔ ሰርካለም ሽሮ ሜዳ ሱቅ ይዤ የእሱን ሥራ መሸጥ ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በዕድሜ ቢበልጠኝም ከንዴቴ ብዛት «አንተ» ማለት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ።

ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሃምሳ አምስቱን ዓመት እግሩን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ከቶ መወርወሪያ ሲወረውር ነው የኖረው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከእናቱ ከእማማ የሺ ጋር ይኖራል። እማማ ዘጠና ስድስት ሞልቷቸዋል። ዛሬም ጥጥ ይፈትላሉ። ዓይናቸው ደከም ብሏል፤ ምላሳቸው ግን ምንም አልሆነም። ቤታቸው ከሱቄ ጀርባ ስለሆነ እናትና ልጅ የሚባባሉትን ሳልፈልግ እሰማለሁ። ውሸቴን ነው፤ ፈልጌ ነው የምሰማው።

ከጥምቀት በኋላ ራኬብ የምትባል ወጣት ሱቄ ድረስ መጣች። እዚሁ ጉለሌ ውስጥ ሊከፈት በተዘጋጀ ትንሽ ሙዚየም የጥገና ኃላፊ ናት። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ቦምብ ይጥል የነበረ አውሮፕላን ስብርባሪው ተገኝቶ እየጠገኑት ነው። አጥንቱ ብረት ነው፤ ክንፉ ግን በጨርቅ ነበር የሚሸፈነው። እናም ጠንካራ፣ ነጭ፣ ምንም ጌጥ የሌለበት የእጅ ሥራ ጨርቅ ትፈልጋለች። መሸሻ ጋ ወሰድኳት።

«ለአውሮፕላን ጋቢ ልሥራ?» አላት።

«እንደዚያ በሉት፣ ጋሽ መሸሻ።»

«ይበርደዋል እንዴ?»

ሳቁ ሳያልቅ ተስማማ። ሰው ሁሉ ለትከሻ ሲያሠራው ኖሮ ለክንፍ የሚያሠራው ሲመጣ እንዴት እምቢ ይበል? በማግስቱ ሠፈሩ ሰማ። ወደ ሱቅ ብቅ ባለ ቁጥር «አየር ኃይል፣ መቼ ነው የምትነሳው?» ይሉት ጀመር። እሱም ደስ ብሎት «ነፋሱ ይስተካከል» እያለ ያልፋል።

ደስ ያላላቸው እማማ የሺ ብቻ ነበሩ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ አገራቸው ጋሞ፣ በገበያ ቀን እንዲህ ያለ አውሮፕላን መጥቶ ቦምብ ጣለ። ታላቅ ወንድማቸው አንጁሎ ገበያው ውስጥ ነበር። ቤተሰቡ ጫካ ገባ፤ ሲመለሱ የሚቀበር አላገኙም። የሚቀበር ከሌለ፣ ሽሽቱም ካላለቀ፣ ማን ለቅሶ ይቀመጣል? አንጁሎ ሳይለቀስለት ቀረ።

«ያንን ነገር ካለበስክ» አሉት ልጃቸውን፣ እንዝርቱን አስቀምጠው፣ «ስሞት አፈሬን እንዳትመልስ። ቀብሬ ላይ አልይህ።»

ይህ ቀልድ አይደለም። የዘጠና ስድስት ዓመት እናት እንዲህ ካለች ቃሏን የምታነሳበት ጊዜ ብዙ አይደለም። መሸሻ ግን ለልጅቷ ቃል ሰጥቷል፤ ድሩንም ዘርግቷል። ሥራውን ቀጠለ፤ እናቱም ከእሱ ጋር መነጋገር አቆሙ።

እኔ መሀል ገባሁ። ሁለቱ አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው፣ እማማ «ሰርኬ፣ ለዚያ ሰውዬ ሽሮው እየቀዘቀዘበት ነው በይው» ይላሉ። እሱ ደግሞ «ሰርኬ፣ እናቴን እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ» ይለኛል። አምስት ወር ሙሉ ያለ ደሞዝ ስልከኛ ሆንኩ። ሳቄ የሚመጣው እዚያ እያለሁ ነው፤ ቤቴ ስገባ ግን ያሳዝነኝ ነበር። ሰውየው ከሳ። ታክሲ ሰልፍ ላይ የሰው ጋቢ መዳበስ እንኳ ተወ።

ሰኔ ላይ ጨርቁን ይዘን ወደ ሙዚየሙ ሄድን። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሟል፤ ራኬብ ግን ከጣሪያው በሽቦ ልትሰቅለው፣ የሚበር እንዲመስልም የሞተር ድምፅ በስፒከር ልትለቅ ነው። መሸሻ ጨርቁን በራሱ እጅ ክንፉ ላይ ሰፋ። ሲጨርስ ራኬብ ዞር ዞር ብላ አየችና ፊቷ ተለወጠ። በግራም በቀኝም ክንፉ ከአካሉ የሚጋጠምበት፣ ትከሻው ላይ፣ አንድ ስንዝር ጥቁር ጥለት አለ።

«ጋሽ መሸሻ፣ ጌጥ የለበትም ብዬ ነበር። የአውሮፕላኑ የድሮ ፎቶ ላይ ጥለት የለም።»

«ጌጥ አይደለም። አንቺ ነጠላ ስትለብሺ ጥለቱ ወዴት ነው?»

«ወደ ታች።»

«ለቅሶ ስትሄጂስ?»

እጇ ወደ ትከሻዋ ሄደ። ለቅሶ ስንሄድ ነጠላችንን አዘቅዝቀን እንደምንለብስ፣ ጥለቱ ትከሻችን ላይ እንደሚወጣ ለማንም መንገር አያስፈልግም። መሸሻ የአንጁሎን ነገር ነገራት። አንገቷን ደፍታ ሰማችው፤ ግን ሥራዋ ሥራ ነውና «እንደነበረው ካልሆነ ሙዚየም አይሆንም» አለች።

«እንደነበረው ከሆነማ ቦምብ ይጣላ» አላት መሸሻ። «እናቴ ይህንን ነገር ቀና ብላ አይታዋለች። ደግሞ ሰቅለሽ እንደገና ቀና ልታደርጊያት ነው? ለቅሶ የሚደረሰው መሬት ላይ ነው። ልብሱን አልብሼዋለሁ፤ አንቺ አስቀምጪው።»

ልጅቷ ሁለት ቀን አሰበች። በሦስተኛው ደውላ፣ ግራ ክንፉን ፎቶው ላይ እንዳለው እንደምትቀባው፣ ቀኙን ግን እንደ መሸሻ እንደምትተወው ነገረችኝ። ሽቦም የለም፤ ድምፅም የለም። እኔ ብሆን ግራውንም እተወው ነበር፤ ቢሆንም ጎበዝ ልጅ ናት።

የመክፈቻው ቀን እማማ የሺን ላመጣ ሄድኩ። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ዋሽተሽኝ ከሆነ አንቺም አፈሬን አትመልሺም» አሉኝ። ከዚያ ነጠላቸውን ፈለጉ።

አዳራሹ በሰው ተሞልቷል። ራኬብ መቀስ ይዛ ሪባኑ አጠገብ ቆማለች። መሸሻ ከሩቅ፣ በሩ ጋ ነው፤ መቅረብ ፈርቷል። እማማ እጄን ይዘው ሪባኑን በሥሩ አለፉና ቀኝ ክንፉ ጋ ደረሱ። ጥለቱን በጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ዳበሱት።

«ድሩ እዚህ ጋ ላልቷል» አሉ።

ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው አዘቀዘቁት። ሲሚንቶው ላይ፣ ክንፉ ሥር ተቀመጡ። «አንጁሎ» ብለው አለቀሱ፤ ድምፃቸው የአሮጊት አልነበረም። ሰዎቹ ግራ ተጋብተው ተያዩ። መጀመሪያ አንዲት አሮጊት ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ቀጥሎ ሁለት ሽማግሌዎች፤ ከዚያ ራኬብ መቀሷን አስቀመጠችና መጣች። እኔ እስክቀመጥ ቦታ አጣሁ።

እማማ ቀና ብለው በሩን አዩ።

«መሸሻ» አሉ። ከጥር ወዲህ ስሙን ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ነው። «ምን ቆመህ ታያለህ? አጎትህ ነው። ና ተቀመጥ።»

ጫማውን አውልቆ መጣና አጠገባቸው ተቀመጠ። ጉልበቱን በእጃቸው ያዙና፣

«አፈሬን አንተ ትመልሳለህ» አሉት። «ብቻ አትቸኩል።»