እኔው የፈጨሁት የማስታወስ ዱቄት

ሰበታ ወፍጮ ቤት የገባሁ ቀን አለቃዬ ኦቦ ድሪባ ስለ ሞተሩ ምንም አላስተማሩኝም። በር ላይ የተደረደረውን ጆንያ አሳዩኝና «የማን እንደሆነ በአስተሳሰሩ ያዝ» አሉኝ። አንዷ በቀይ ጨርቅ ታስራለች፣ አንዷ በገመድ፣ አንዷ ቋጠሮዋን ወደ ውስጥ ትደብቃለች። ወረቀት የለ፣ ቁጥር የለ። በፊደል ብዙ ስላልገፋሁ ይሄ ተስማማኝ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚያው ነው። ድንጋይ መውቀር፣ የሞተሩን ቺንጋ መቀየር፣ ዱቄቱ የሚወርድበትን ቋት መጥረግ፣ የጤፉን ወፍጮ ከበርበሬው መለየት። የሰው እህል ለሌላ ሰጥቼ አላውቅም ነበር።

ሳረጅ መሳሳት ጀመርኩ። መጀመሪያ የአንዷን በቆሎ ለሌላዋ አሸከምኳት። ተስቆ ታለፈ። ቀጥሎ የወይዘሮ ዘውዴን ጤፍ በርበሬ ወፍጮ ውስጥ ገለበጥኩት። ቀይ ጤፍ ስለነበር ሳታውቅ አቦካችው። የልጅ ክርስትና ነበረባት። ድግሱ ባለፈ ማግስት በሩ ላይ ቆመች።

«ኦቦ በቀለ፣ እንግዳው ሁሉ ገና በባዶ እንጀራ አለቀሰ እኮ!»

«ታዲያ ወጡ ተረፈልሽ» አልኳት። ይሄ አላዳነኝም።

ወፍጮ ቤቱ አሁን የኦቦ ድሪባ ልጅ የጽጌ ነው። ጠራችኝ። «ኦቦ፣ ከእንግዲህ አንድ ስህተት ካየሁ ሞተሩን ይተዉና በር ላይ ይቀመጣሉ» አለችኝ። በር ላይ ማለት ዘበኛ ማለት ነው። ዘበኝነትን አልንቅም። እኔ ግን ፈጪ ነኝ።

ልጄ ጫልቱ አዲስ አበባ ነው የምትሠራው። ይሄን ሰምታ በሚያምር ብልቃጥ ዱቄት ይዛልኝ መጣች። ጽሑፉን አነበበችልኝ፤ የአረጋውያንን ማስታወስ ያግዛል ይላል። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩ። በጣቴም አሸት አደረግኩት።

«ይሄን የፈጨሁት እኔ ነኝ።»

«አባዬ ደግሞ! የፋብሪካ ነው!»

«ፋብሪካውማ እኔ ነኝ!»

ያሬድ የሚባል የቡራዩ ልጅ እኛ ዘንድ እያስፈጨ በብልቃጥ ይሸጣል። የጥብስ ቅጠል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የሽፈራው ቅጠል። መጨረሻ ላይ የተቆላ ገብስ ይጨምርበታል፣ እንዲበዛ። ሻካራነቱንም አውቀዋለሁ፤ ያን ሰሞን ድንጋዩን አልወቀርኩትም ነበር።

ያሬድ ሊያስፈጭ ሲመጣ ያዝኩት። «አንተ፣ ይሄ ነገር ይሠራል?»

«ፋዘር፣ ሰው ይሠራል ይላል።»

«አንተስ?»

«እኔማ ገና ወጣት ነኝ።»

ልጄ እንዳይከፋት በየጠዋቱ በውሃ በጥብጬ ጠጣሁት። ያመጣልኝ ለውጥ ቢኖር ጥብስ ጥብስ መሽተቴ ነው። የሰፈሩ ውሻ ይከተለኝ ጀመር። ጆንያው የማን እንደሆነ ግን እንደጠፋኝ ቀረ፤ ባለቤቶቹን እየጠየቅኩ ነበር የማስረክበው።

ጫልቱ የምወስደውን ሁሉ በፌስታል አሸክማ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። የደም ግፊት መድኃኒቴንም ጨምሬ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ሲስተሯ ብልቃጡን አሸተተች። «ለማስታወስ መጥቀሙ በእርግጥ አይታወቅም። ቅጠል ነው ተብሎም አይጎዳም አይባልም፤ ከግፊት መድኃኒትዎ ጋር ሊጣላ ይችላል። ይተዉት» አለችኝ። ከዚያ አንድ እሽግ ክኒን አነሳች።

«ይሄስ?»

«የማስነጠስ ነው። የዱቄቱ ብናኝ ሲያስነጥሰኝ እውጠዋለሁ።»

«መቼ መቼ ያስነጥስዎታል?»

«ወፍጮ ቤት ስሆን።»

«ወፍጮ ቤት የማይሆኑትስ መቼ ነው?»

«እሁድ።»

ሳቋን ዋጠች። እንዲህ ያለ ክኒን ሽማግሌን እንደሚያፈዝና እንደሚያስረሳ ነገረችኝ። «ይሄን ያቁሙና አፍንጫዎን ይሸፍኑ» አለች።

«ቋት ላይ ቆሜ ባስነጥስ የሰው ዱቄት እበትናለሁ!» ብዬ ተከራከርኩ።

«ለዚህ እኮ ነው ይሸፍኑ ያልኩዎት!»

ማስክ አልወድም፤ ሽፍታ ያስመስለኛል። ተናድጄም ቢሆን ክኒኑንም ብልቃጡንም ትቼ ማስኩን አደረግኩት። እያደር ጭንቅላቴ ጠራ።

አንድ የገበያ ቀን ጽጌ አጠገቤ ቆማ ዋለች። ጆንያው ሁሉ ለየባለቤቱ ሄደ። ሲመሽ «ነገ በርበሬ ይበዛል፣ በጊዜ ይምጡ» ብላኝ ወጣች። የሷ ምስጋና ይሄው ነው።

ያሬድ ወሬውን ሰምቶ ስልኩን ደግኖ መጣ። «ፋዘር፣ በኔ ዱቄት ዳንኩ ይበሉልኝ።»

«ገብሱንም ልናገር?» ስለው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ቤታችሁ የሚረሳ ሽማግሌ ካለ ዱቄት ከመግዛታችሁ በፊት የሚውጠውን ሁሉ፣ ቅጠሉንም ክኒኑንም፣ ሰብስባችሁ ለሐኪም አሳዩለት። ወፍጮ ቤት የምትሠሩ ደግሞ አፍንጫችሁን ሸፍኑ።