የእናቴ ፀጉርና የእንጦጦ ጉም

በዚህ ክረምት ልጄ ለአራስ ሚስቱ ክፍል አንዲት ትንሽ ነጭ መሣሪያ ገዝቶ መጣ። የአየሩን እርጥበት በቁጥር ትናገራለች። እንዴት እንደምታውቅ ስጠይቀው፣ “ውስጧ እርጥበት የሚስብ ስስ ነገር አለ፤ እርጥበቱ ሲለወጥ በውስጧ የሚያልፈው ኤሌክትሪክም ይለወጣል” አለኝ። “በእኛ ጊዜ የሰው ፀጉር ነበር የሚናገረው” ስለው ሳቀ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ገና ልጃገረድ ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነበር። ክረምት ሲገባ የእንጦጦ ጉም ሳያንኳኳ ቤት ይገባል፤ ጨው ይረጥባል፣ ክብሪት እምቢ ይላል፣ የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ይሸታል።

የጎረቤታችን ልጅ ተስፋዬ በትምህርት አንድ ዓመት ይቀድመኝ ነበር። አንድ ቀን እናቴ በርበሬ ስትቀነጥስ ደጃፋችን መጥቶ አንገቱን ደፋ።

“እትዬ በላይነሽ፣ ከልጅዎ አንድ ረጅም ፀጉር ፈልጌ ነበር።”

የእናቴ እጅ ቀጥ አለ። ስታበጥር የረገፈላትን ፀጉር እንኳ ክፉ ሰው እንዳያገኘው ጠቅልላ የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ የምትሸጉጥ ሴት ናት።

“ለየትኛው ጠንቋይ ልትወስደው ነው?”

ተስፋዬን ላብ አጠመቀው። ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ኤግዚቢሽን የእርጥበት መለኪያ እየሠራ መሆኑን እየተንተባተበ አስረዳ። ፀጉር አየሩ ሲረጥብ በትንሹ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል፤ ፈረንጆች ድሮ በዚህ ነበር የሚለኩት። ኋላ ደግሞ ሁለት ቴርሞሜትር ጎን ለጎን ሰቅለው አንዱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉት፤ አየሩ በደረቀ ቁጥር እርጥቡ ከደረቁ ይበልጥ ይቀዘቅዛልና ልዩነቱን ያነባሉ።

“እኔ ግን ሁለት ቴርሞሜትር ከየት አመጣለሁ?” አለ።

እናቴ በርበሬውን ወደ ጎን ገፋች። ከዚያ ሻሿን ፈታች።

“የልጄን አትነካም። የእኔን ውሰድ።” ረጅም ሽበት ነቅላ ሰጠችው።

“ቅቤ አለበት፤ ቅቤ የጠጣ ፀጉር እርጥበት አይጠጣም” ብሎ በሳሙና አጠበው። በጣውላ ላይ ምስማር መትቶ የፀጉሩን አንድ ጫፍ አሰረበት፤ ሌላውን ጫፍ እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ ከምትል ቀጭን የስንዴ አገዳ ጋር አገናኘ። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሲወርድ የአገዳዋ ጫፍ ቀስ ብላ ዝቅ አለች። እናቴ አማተበች።

“ጉድ ነው! ከራሴ ተነቅሎም ብርዱን ያውቀዋል።”

ከኤግዚቢሽኑ በኋላ መሣሪያውን አምጥቶ ግድግዳችን ላይ ሰቀለላት። እሷም ሳታየው በርበሬ አታሰጣም ነበር። በዓመቱ ተስፋዬን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ እናቴ አገዳዋን አይታ “እሱ ያለበት አገርስ ይዘንብ ይሆን?” ትላለች፤ እኔም ወደ ጓዳ እገባለሁ።

መንግሥት ሲለወጥ በላምበረት በኩል በእግሩ መጣ፤ ከስቶ፣ ፂሙ አድጎ። ቀድማ ያወቀችው እናቴ ነበረች። ከብዙ ጊዜ በኋላ እኔን ለማግባት ሽማግሌ ሲልክ እሺ ለማለት አላቅማማችም።

ለረጅም ዘመን ፀጉሯን እንድትሰጥ እናቴን ያሳመናት የተስፋዬ ሳይንስ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ያን ቀን ያለውን አንዱንም አላመነችም። እየፈራች ነው ሻሿን የፈታችው፤ “ክፉ ነገር ካለበት በልጄ ሳይሆን በእኔ ይሁን” ብላ። የጎረቤት ልጅም አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ባዶ እጁን እንዲመለስ አንጀቷ አልቻለም። ይህን ለመረዳት እኔም እናት መሆን፣ እኔም መሸበት ነበረብኝ።