የሳልመኑ ደም መላሽ

ዛሬ በማስተናግድበት ሆቴል የማዕድን ኩባንያ ሰዎች የምሳ ግብዣ ነበራቸው። የሳልመን ዓሣው ጥብስ ሽታ እትዬ ዘነበችን አስታወሰኝ።

ሬኒየር ቫሊ በሚባለው ሰፈር ጎረቤታችን ነበሩ። በየሰመሩ፣ ሙቀቱ ሲገባ፣ አላስካ እየሄዱ ዓሣ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። ልጅ ሳለሁ አንዴ ቶሎ ተመለሱ። እዚያ ያለው የማዕድን ማውጫ ዝቃጭ ወንዙን አበላሽቶት፣ ሳልመኑ እንደየዓመቱ ከባሕር ወደ ወንዙ ስላልመጣ ጀልባዎቹም ፋብሪካውም ቆመው ነበር። ከሻንጣቸው ዝገት የመሰለ የዚያን ወንዝ ውሃ በጠርሙስ አወጡ። ክዳኑን ሲከፍቱት የብረት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

«ሰው ሲገደል ደም መላሽ አለው» አሉኝ። «ዓሣውስ ማን አለው? እንቺ ልጄ፣ የማዕድኑን ሰዎች አንድ ቀን ካገኘሻቸው ይህን አጠጪልኝ።»

እሳቸው አርፈዋል። ጠርሙሱን ግን አልደፋሁትም፤ ዛሬ የሚመጡት የዚያው ማዕድን ማውጫ ባለቤቶች መሆናቸውን ስለማውቅ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነው የገባሁት።

አለቃቸው ሳልመኑን አጣጥሞ ጨረሰና ባዶ ብርጭቆውን ወደ እኔ ዘረጋ። ውሃ ፈልጎ ነው።