የአንጓች ስም በሌላ ሰው ማመልከቻ ላይ

ካቻምና ነው የሆነው። ሰዎች "እስካሁን አልረሳሽውም?" ሲሉኝ ይብስ እናደዳለሁ። እንዴት አድርጌ ልርሳው? ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰውየውን እሺ ያሰኘኋቸውም እኔው ነኝ።

የምኖረው እንጅባራ ነው። ከመናኸሪያው ወረድ ብላ ባለች ጠባብ ክፍል የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ አለኝ። ማመልከቻ፣ ውል፣ የእድር ደብዳቤ፣ የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የመጣልኝን ሁሉ እጽፋለሁ። አብዛኛውን ጽፌ ስጨርስ እረሳዋለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ጭቃ የነካው ከስክስ የተጫሙ ሦስት የገጠር ሰዎች ገቡ። በዕድሜ የሚበልጡት ጋሽ ፈንቴ ይባላሉ። የመጡት በዞናችን ካሉት ወረዳዎች ከአንዱ ነው። ወረዳውን በስም አልጠራውም፤ ሰዎቹ ራሳቸውን ያውቃሉ። በወረዳቸው ከተማ መብራት ጠፍቶ ስለሰነበተ ነው እስከ እንጅባራ የዘለቁት።

"የወረዳው ምክር ቤት ለሕዝብ ሥራ ድጋፍ እሰጣለሁ ብሏል። በውድድር ነው አሉ። ጽሑፉ በወረቀትም በፍላሽም ይቅረብ ተብለናል" አሉኝ ጋሽ ፈንቴ። "እኛ የምንፈልገው የእግረኛ ድልድይ ነው። ድንጋዩንም እንጨቱንም ጉልበቱንም እናዋጣለን። ብረትና ሲሚንቶ ብቻ ነው የቸገረን።"

ቁጭ ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። ወንዙ ምን ያህል ይሰፋል? ክረምት ላይ ስንት ወር ይዘጋችኋል? ጤና ጣቢያው በየት በኩል ነው? ሁሉንም መለሱልኝ። በመጨረሻ "በዚህ ወንዝ ምክንያት የሞተ ሰው አለ?" አልኳቸው።

ሁለቱ ሰዎች ጋሽ ፈንቴን አዩ። እሳቸው መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር።

አንጓች የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። የፊተኛው ክረምት ሁለተኛዋን ልትወልድ ምጥ ሲጠናባት በወሳንሳ ተሸክመዋት ወጡ። ወንዙ ሞልቶ ደረሰባቸው። ይጎድላል ብለው ከጠዋት ጀምሮ ዳር ላይ ቆዩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያው አረፈች። ጤና ጣቢያው ከማዶ ይታያል።

"ይሄን እንጻፈው" አልኳቸው።

"ስለ ድንጋዩ ጻፊ፣ ስለ እንጨቱ ጻፊ። ልጄን ግን ተያት" አሉኝ።

እኔ ግን ሥራዬን አውቃለሁ ባይ ነኝ። ስንት ማመልከቻ ጽፌያለሁ! ቢሮ የተቀመጠ ሰው ድንጋይና እንጨት ሲያነብ እንደሚያዛጋ አውቃለሁ። "ጋሽ ፈንቴ፣ ይሄ ካልገባ የሚሰማን የለም" ብዬ ተሟገትኳቸው። ብዙ ካሰቡ በኋላ "ሌላ ሰው እንዳይሞት ከሆነ ጻፊው" አሉ።

ጻፍኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የጻፍኩት ነገር የለም። አንጓች ፈንቴ ብዬ ሙሉ ስሟን ሦስት ቦታ ላይ አስገባሁ። "ክረምት ሲገባ ወንዙ መንደራችንን ከሰው ይለያታል" የሚል ዓረፍተ ነገርም ጨመርኩ። በዚያች ዓረፍተ ነገር ትንሽ ኮርቼ ነበር። አትመን፣ ፍላሹ ላይ ጭነን፣ እነሱ ወስደው ለምክር ቤቱ ቢሮ አስረከቡ።

ከዚያ ማመልከቻዎቹን የሚገመግመው ኮሚቴ ቦታውን ሊያይ ይመጣል ተባለ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ጠበቀ። ድንጋይ ለቅመው ወንዙ ዳር ቆልለው፣ የምናዋጣው ይሄው ነው ሊሉ ሁለት ቀን ሙሉ ሥራ ፈትተው ቆሙ። የመጣ መኪና የለም።

ውጤቱ የሚነገርበት ቀን ሲደርስ ጋሽ ፈንቴ ደወሉልኝ። "ነይ፣ ያንቺም ልፋት አለበት" አሉኝ። ሱቄን ዘግቼ በሚኒባስ ሄድኩ። እሳቸው ፈረሳቸውን ከተማው መግቢያ ዘመድ ቤት አስረው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው አዳራሹ በር ላይ ጠበቁኝ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

አሸናፊ ተብሎ የተጠራው የከተማው አንድ ማኅበር ነው። ከገበያው ጀርባ ላለው ቦይ መሻገሪያ ሊሠራ ነው። ያን ቦይ አውቀዋለሁ፤ ወደዚያ ገበያ ስሄድ ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ የምዘለው ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ደግሞ የገምጋሚው ኮሚቴ ሰብሳቢ የሚስት ወንድም እንደሆነ አጠገባችን የተቀመጡ ሰዎች ይንሾካሾኩ ነበር።

ተሸነፍን ብዬ ላዝን ስል አንድ ባለሙያ ማይክራፎን ይዞ የአሸናፊውን ፕሮጀክት መግለጫ ማንበብ ጀመረ።

"ክረምት ሲገባ ወንዙ መንደራችንን ከሰው ይለያታል" ብሎ አነበበ።

መጀመሪያ የሰማሁት መሰለኝ እንጂ አላመንኩም። ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር ግን እሱ ሳያነበው በልቤ እያልኩት ነበር። የሚቀጥለውንም። ቃል በቃል የኔ ጽሑፍ ነው። የቀየሩት የቀበሌውን ስም ብቻ ነው።

ከዚያ ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሐዘን እንደገባው ሰው ሆኖ፣ "በወሊድ ምክንያት ወንዙን መሻገር አቅቷት ሕይወቷ ያለፈው እህታችን አንጓች ፈንቴ" አለ።

ስሟን እንኳ ለመቀየር አልደከሙም!

ጋሽ ፈንቴ ክንዴን ጨበጡኝ። "አንጓች አለ እንዴ?" አሉኝ።

"አዎ፣ ጋሼ" አልኳቸው።

ተነሡ። መጀመሪያ በአዊኛ ተናገሩ። አብዛኛው ሰው ቋንቋው ነውና ፊቱን ወደ እሳቸው አዞረ። ቀጥለው በአማርኛ መድረኩ ላይ ያሉትን እያዩ እንዲህ አሉ፦

"አንጓች ልጄ ናት። የቀበርኳት እኔ ነኝ። ከገበያ ጀርባ አልሞተችም። እስቲ ከዚህ ከተማ ወሳንሳዋን የተሸከመ ማን ነው? እጁን ያውጣ።"

እጁን ያወጣ የለም። የማኅበሩ ሊቀመንበር ስልኩን ይነካካል። አፈ ጉባኤው ማይክራፎኑን ሳብ አድርጎ፣ "አባቴ፣ ይቀመጡ። ቅሬታ ካለዎት በጽሑፍ ይቀርባል" አላቸው።

"በጽሑፍማ አቅርበን ነበር" አሉ ጋሽ ፈንቴ። "እሱን ነው ያነበባችሁት።"

እኔም ብድግ ብዬ "ጽሑፉ የኔ ነው! የጻፍኩት እኔ ነኝ!" ብዬ ጮህኩ። አንዱ ከመድረኩ "አንቺ ደግሞ ማነሽ?" አለኝ። ልመልስለት ስል ሙዚቃ ተከፈተ። በዚያ ሙዚቃ መሐል የምስክር ወረቀት ተሰጠ፣ ፎቶ ተነሡ። ጥበቃዎቹ ጋሽ ፈንቴን በትሕትና ደግፈው ወደ በሩ መሯቸው። ያ ትሕትናቸው ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ቅሬታችንን በጽሑፍ አቀረብን። መልሱ ከብዙ ምልልስ በኋላ መጣ። ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ "በመስክ ምልከታ ወቅት የማኅበረሰቡ ተወካዮች ስላልተገኙ" ከውድድሩ ወጥተናል። ድንጋይ ቆልለው ሁለት ቀን የቆሙት ሰዎች ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የጽሑፉ መመሳሰል "በጽሕፈት ስሕተት የተፈጠረ" ነው። ለኔ፣ ጽሕፈት እንጀራዬ ለሆነው! ስንት ገጽ ሙሉ ከነሬሳው የሚገለበጥ የጽሕፈት ስሕተት አይቼ አላውቅም።

ዞን ድረስ እንሂድ አልኳቸው። ጋሽ ፈንቴ ግን እሺ አላሉም። "ድልድዩን ይውሰዱት" አሉኝ። "ስሟን ግን ከዚያ ወረቀት ላይ ያውጡልኝ። እሱን ብቻ ነው የምፈልገው።"

አብረን ወደ ቢሮው ሄድን። ያ ማይክራፎን ይዞ ያነበበው ባለሙያ ነው የተቀበለን። "ውሳኔ ያገኘ ሰነድ አይሰረዝም፣ አባባ። ደግሞ ምን ይጎዳዎታል?" አላቸው። ፈገግ ብሎ ነው የጠየቃቸው። ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ቆምን። እኔ ማልቀስ ዳድቶኛል፤ በንዴት ነው።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ በክፍት በር ሁሉንም ሰምታለች። በጎልማሳ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። በዓይኗ ጠርታ አስገባችን። ማኅደሩን ከመደርደሪያ አውርዳ፣ ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እስክሪብቶ አጠገቡ አስቀመጠች። "እኔ ሻይ ልጠጣ ነው" ብላን ወጣች።

ጋሽ ፈንቴ ማንበብ አይችሉም። "የቱ ጋ ናት?" አሉኝ።

ጣቴን ስሟ ላይ አደረግሁላቸው። እስክሪብቶውን እንደ ቢላ ጨብጠው፣ ቀስ ብለው ሰረዙ። እስክሪብቶውን ከመጫናቸው የተነሣ ወረቀቱ ተቀደደ። "ሌላስ?" አሉ። ሁለተኛውን አሳየኋቸው። ሦስተኛውንም። ከጨረሱ በኋላ ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን አዩት፤ የሚያነቡት ይመስሉ ነበር።

ስንወጣ "ከእኛው ማመልከቻ ላይስ አለች?" አሉኝ።

"አለች፣ ጋሼ።"

"እዚያ ትኑር" አሉና ወደ ፈረሳቸው ሄዱ።

ያቺ ሠራተኛ በዚህ ምክንያት ችግር ደርሶባት እንደሆነ አላውቅም። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ያየሁት ሰው እሷን ብቻ ነው።

የቦዩ መሻገሪያ ተሠርቷል። አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ፣ ትልቅ ሰሌዳ ተተክሎለታል። ገበያ የወጡ ሰዎች ተቀምጠው ያርፉበታል። ወንዙ ላይ ግን እስካሁን ድልድይ የለም። መንደርተኛው በየበጋው ግንድ ያጋድማል፣ ክረምቱ ይወስደዋል።

አንዳንድ ሰው "ሽማግሌው ልባቸው አርፏል፣ አንቺ ለምን ትቃጠያለሽ?" ይለኛል። የሳቸው ልብ ማረፉን ማን ነገራችሁ? እኔስ ብሆን? "ልጄን ተያት" ብለውኝ ነበር። አልተውኩም። ስሟ እነዚያ ሰዎች እጅ እንዲገባ በር የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ሌቦቹን ስረግም ራሴንም እረግማለሁ።

ዘንድሮ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ጋሽ ፈንቴ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችውን የጎረቤታቸውን ልጅ ይዘው መጡ። "ውሃው ሳይሞላ እዚህ ትቆይልኝ" አሉኝ። የጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ሞልቷል። ልብስ የማስቀምጥበትን ጓዳ ለቀቅሁላት። አሁን ይህን ስጽፍ ቆርቆሮው በዝናብ ይደበደባል፣ እሷ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታለች።

ጎረቤቶቼ "እንዴት ያለሽ ደግ ነሽ" ይሉኛል። ምን ያህል ተናድጄ አልጋ እንዳነጠፍኩላት አያውቁም።