የእህቴ ድር

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ሬዲዮው ፋብሪካዎች ከውጭ የሚያስገቡት የጥጥ ኮታ መሻሻሉን ተናገረ። ጎረቤቴ ጣቢያ ልትቀይር እጇን ስትዘረጋ «ተዪው» አልኳት። ገርሟት አየችኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ወልድያ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ፣ ስለ ኮታ ማሻሻያ የሚሉ ደብዳቤዎች በእጄ አልፈዋል። ቁጥር ሰጥቼ ከፋይል ከማያያዝ በቀር አንዱንም ልብ ብዬ አንብቤ አላውቅም። ያን ቀን ግን ጉዳዩ የእህቴ ጋቢ ነበር።

እህቴ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ የምትኖረው ውርጌሳ ከልጇ ጋር ነው። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል። ግንቦት ላይ ታማ ልጠይቃት ስሄድ «የእናታችን ፈትል አንቺ ጋ ነው አይደል?» አለችኝ።

«አዎ፣ እኔ ጋ ነው።»

«ጋቢ አሠሪልኝ። ሳልሞት ልልበሰው።»

ከዚያ ስለ ዝናቡ አወራን። እህቴ አንድ ነገር ሁለቴ አትናገርም።

ፈትሉ በልቃቂት በልቃቂት ተጠቅልሎ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ከቤት ወጥተን ስንመለስ ሳጥኑን ተከፍቶ አገኘሁት፤ ክሩን ግን የፈለገው ሰው አልነበረም። ከላይ ካለው ጥቂት ይዤ በሚኒባስ መርሳ ወረድኩ። እዚያ የምናውቀው ሸማኔ አለ፤ አባቱም ለእናታችን ይሸምን ነበር። ሲሸምን እግሩን ከሚያስገባበት ጉድጓድ አፍ ላይ ድመት ተኝታለች።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እማማ። እንደሚያዩት ሥራውን ለድመቷ አስረክቤያለሁ።»

«ምን ሆነህ?»

«ድር የለማ! ማጉንስ እናቶች ይፈትሉልኛል። ድሩ የፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ጥጥ አጣሁ ይላል፤ ነጋዴው ከውጭ የሚገባው ተቀንሷል ይላል። እኔ መሃል ቁጭ ብያለሁ።»

ድር ማለት በቁመት የሚወጠረው፣ ጨርቁን የሚሸከመው ክር ነው። ማግ በመወርወሪያ እየተወረወረ በመሃሉ የሚያልፈው ነው። ማግ ቢለሰልስ ችግር የለውም፤ ድር ግን ከለሰለሰ ይበጠሳል።

«እስከ መቼ ነው ታዲያ?» አልኩት።

«እሱን እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ፣ የቢሮ ሰው!»

«እኔ የሠራሁት መዝገብ ቤት ነው።»

«ይኸው፣ ደብዳቤው የት እንደተቀመጠ ያውቃሉ ማለት ነው።»

ወደ ወልድያ ስመለስ መንገዱን ሁሉ የልጅነት ቤታችንን ሳስብ ነበር። ያኔ የምንኖረው እዚያው መርሳ ነው። ጥጡ በገበያ ቀን ከቆላ በግመል ይመጣል። እናታችን በድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ እየዳመጠች ፍሬውን ታወጣለች፤ እኔና እህቴ አመልማሎውን ይዘን እንፈትላለን። ማታ ማታ እናታችን የሁለታችንንም ክር ጫፍ ይዛ፣ ጆሮዋ አጠገብ ወጥራ በጣቷ ትመታዋለች። ድምፅ ከሰጣት ለድር ነው፤ ዝም ካለ ለማግ። ሁለት ሙዳይ ነበራት። የእህቴ ሁልጊዜ ወደ ድሩ ሙዳይ ይገባል፣ የእኔ ወደ ማጉ። አንድ ቀን እንኳ ተቀያይሮ አያውቅም። እኔም አኩርፌ እተኛለሁ።

የእህቴ ድር ገበያ እየወጣ ለእኔ ደብተር ይገዛበት ነበር። እሷ ከአራተኛ ክፍል አቆመች፤ እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ። ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

ቤቴ እንደ ደረስኩ እንዝርቴን አወጣሁ። ከገበያ ጥጥ ገዝቼ ሦስት ሳምንት ድር ፈተልኩ። እያከረርኩ ነው የፈተልኩት፣ ቢያንስ መስሎኛል። የፈተልኩትንና የእናታችንን ሳጥን እንዳለ ይዤ መርሳ ተመለስኩ። ሸማኔው የእኔን ክር ትንሽ ሳብ ሲያደርገው እጁ ላይ ተበጠሰ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝና ይሄን ብወጥረው ሲበጠስ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።»

«እናቴም ይሄንኑ ነበር የምትለኝ።»

ስቆ ሳጥኑን መበርበር ጀመረ። ከሥር አንድ ልቃቂት አወጣ፣ መዘዘና ጆሮው አጠገብ መታው። ደገመው።

«ይሄስ የማን ነው?»

«የእናቴ ማግ ነው።»

«ኧረ በአላህ! ማን እንዲህ አክርሮ ማግ ይፈትላል? ድር ነው እንጂ!»

ተቀብዬ ወጥሬ መታሁት፤ ድምፅ ሰጠ። የእህቴ ነበር። እናታችን ሁሉንም አልሸጠችውም። የፋብሪካ ድር ከመጣ ወዲህ ሴቱ ሁሉ የሚፈትለው ማግ ብቻ ስለሆነ፣ እኔም ሳጥኑን ማግ ነው ብዬ ያን ሁሉ ዓመት አስቀመጥኩት። ሳላነብ መዝግቤ ያቆየሁት ደብዳቤ ሆነ።

ሸማኔው በክንዱ ለካ። ጋቢ ደርብ ነው፣ ሁለት ገጽ አለው፤ የእህቴ ድር ለአንዱ ገጽ ብቻ ይበቃል።

«ይሄኛውን ዛሬ እጀምራለሁ። ለሌላው የፋብሪካውን እንጠብቃለን፤ አላህ ካለ ይመጣል።»

የመጀመሪያው ገጽ አልቆ ሐምሌ ሙሉ ጠበቅን። የእህቴ ልጅ እየደወለች «ምግብ ቀንሳለች» ትለኛለች። ስለ ጋቢው ግን እህቴ አንድም ቀን አልጠየቀችም። ሬዲዮው ስለ ኮታው የተናገረው በዚያ ሰሞን ነው። ከተናገረም በኋላ ጥጡ ፋብሪካ ገብቶ፣ ድር ሆኖ መርሳ እስኪደርስ መስከረም ጠባ። አንድ ቀን ሸማኔው ደወለ።

«እማማ፣ ድመቷ ከሥራ ተባርራለች።»

ጋቢውን ይዤ ውርጌሳ ስደርስ እህቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች፤ ከስታለች። ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ጨርቁን በአውራ ጣቷ ስታሸው ቆየች፤ ገለበጠችና ሌላውን ገጽም አሸችው። ተመልሳ ወደ መጀመሪያው መጣች።

«ይሄ የኔ ድር ነው» አለች። እኔ ምንም አልነገርኳትም ነበር።

«አዎ፣ እታለም። እናታችን አስቀምጣው ኖሯል።»

«የዚያኛውስ ገጽ ድር የማነው?» አለች።

«የፋብሪካ ነው። ጥጡ ከውጭ አገር የመጣ ነው አሉ።»

«ከዚያ ድረስ?»

«ከዚያ ድረስ።»

«እንግዳውን ገጽ ወደ ውስጥ አድርጊው፣ ይሙቀኝ» አለች፣ ትከሻዋን እያዘጋጀች። «የኔ በውጭ ይሁን። ሰው ይየው።»

እንዳለችው አለበስኳት።