የምግብ መመሪያው መተማ ሲገባ

ባለፈው ሳምንት ጎንደር፣ ፀጉር አስተካካይ ቤት ተራዬን ስጠብቅ፣ ሬዲዮው ለተማሪዎች ስለወጣ አዲስ የአመጋገብ መመሪያ ያወራ ነበር። ተናጋሪዋ የሚመከሩትን ምግቦች ስትዘረዝር «ሰሊጥ» አለች። ሌላው ሰው ጨዋታውን ቀጠለ፤ እኔ ግን ከወንበሬ ብድግ አልሁ። በደርግ ዘመን በሰሊጥ ምክንያት ሰው ፊት ተዋርጃለሁ። ተበቅያለሁም።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከደባርቅ ብርድ ወጥቼ መተማ በመምህርነት ስመደብ ጠመኔው በላቤ እየራሰ ይሰበርብኝ ነበር። በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ ለትምህርት ቤቶች የምግብ መመሪያ መጣና ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጠ። ነገርን በየመልኩ ማስቀመጥ ስለምወድ ገንቢ፣ ኃይል ሰጪ፣ በሽታ ተከላካይ ብዬ በሦስት ቀለም ሰንጠረዥ ሠራሁ። መመሪያው ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ብርቱካን ይላል። መተማ ላይ ካሮት ከየት ይምጣ? ስለዚህ በአገሩ ያለውን ጻፍሁ፦ ደርቆ የተፈጨ ባሚያ፣ የሽንፋ ወንዝ ዓሣ፣ ከሁሉም በላይ ሰሊጥ።

ቆላውን ለማያውቅ ላስረዳ። ሰሊጥ እዚያ ይዘራል፣ ይታጨዳል፣ በጆንያ ይጫናል፤ ለልጅ ግን አይሰጥም። በልጅ ኪስ ከተገኘ ከመንግሥት እርሻ ተሰርቋል ነው የሚባለው። እናቶቹን ከቤት ቤት እየዞርሁ ለማሳመን ሁለት ወር ፈጀብኝ። በመጨረሻ ቆልተው የወቀጡትን ሰሊጥ በማሽላ ዱቄት እየለወሱ፣ ጭብጦ እያደረጉ ለልጆቻቸው መቋጠር ጀመሩ። ከረፋዱ በኋላ ዴስክ ላይ ይተኙ የነበሩ ልጆች ቀና ብለው መማር ያዙ።

በጥር ወር፣ አንድ ረቡዕ ቀን፣ ጓድ ታከለ የሚባል ተቆጣጣሪ ከአውራጃ መጣ። ወላጆች ተሰብስበው ነበር። ሰንጠረዡን አነበበ፣ ከአንዲት ልጅ እጅ ጭብጦውን ወስዶ አሸተተ፣ መሬት ላይ ጣለው።

«ሰሊጥ የውጭ ምንዛሪ ነው እንጂ የልጅ መክሰስ አይደለም። መመሪያው እንደተጻፈ ይፈጸማል፤ አትጨምርም፣ አትቀንስም። አሁን ግለ ሂስ አድርግ።»

ግለ ሂስ ማለት ሕዝብ ፊት ቆሞ የራስን ጥፋት መናገር ነው። ቆምሁ። ሌብነት የሚያበረታታ ትምህርት አስተምሬያለሁ አልሁ። የልጅቱ እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታይ ነበር። በማግስቱ ጭብጦ ይዞ የመጣ ልጅ አልነበረም።

በመጣበት ረቡዕ ጓድ ታከለ ምሳ የበላው እኔ በኮንትራት በምመገብበት ቤት ነበር። ሥጋ ሲቀርብለት ጨጓራዬን ያመኛል ብሎ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ቆየና ፉል በላ። ከወጣ በኋላ ባለቤቷ እትዬ ዘነበች ሳቋ መጣ።

«አይ ጨጓራ! ረቡዕና ዓርብ ብቻ ይነሣበታል» አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። መጾም በሕግ ባይከለከልም፣ እሱ ባለበት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሲጾም ከታወቀ ወንበሩ አይቆይለትም። ይህን ይዤ ሁለት ወር ዝም አልሁ።

መመሪያው በጽሑፍ አንድ ነገር ያዝዛል፦ በዓመት አንድ ጊዜ ናሙና ምሳ ተዘጋጅቶ፣ መምህሩና ተቆጣጣሪው ለአርአያነት በወላጆች ፊት ይመገባሉ። ገንቢው ምግብ እንቁላል ነው። ቀኑን የሚመርጠው ትምህርት ቤቱ ነው። እኔ በሁዳዴ መካከል አንድ ዓርብ መረጥሁና ለእሱም፣ ለክፍለ ሀገሩ የፓርቲ ተጠሪም በደብዳቤ አሳወቅሁ። ቀኑ እንዲለወጥ ቢፈልግ ምክንያት መጻፍ ነበረበት።

እንቁላሉን ከሐጂ ሱቅ ስገዛ ሽማግሌው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። መምህርን ሁሉ ኡስታዝ ነበር የሚሉት፤ «ኡስታዝ፣ ሁዳዴ አልፎ ነው ወይስ ሰልመህ ነው?» አሉኝ። ሥራ ነው ሐጂ ብያቸው ወጣሁ። አብረውን የሚበሉ ልጆችም ከሙስሊም ቤተሰብ የመጡ ብቻ እንዲሆኑ አደረግሁ፤ የልጅ ጾም ማስፈታት አልፈለግሁም።

ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያንጣጣ ነበር። ተጠሪው መካከል ተቀመጠ፣ እኛ ግራና ቀኝ። እኔም ጿሚ ነበርሁ። መጀመሪያ መብላት ያለበት መምህሩ ስለሆነ እንቁላሌን ላጥሁ፣ ጨው ነካ አድርጌ በላሁ። ጓድ ታከለ የእሱን በቀስታ ላጠው፤ ቅርፊቱን አንድ በአንድ ሳህኑ ዳር ደረደረ። ከዚያ በተጠሪው ጀርባ በኩል ወደ እኔ ዘንበል አለ።

«ታውቃለህ አይደል?» አለኝ በሹክሹክታ።

«መመሪያው እንደተጻፈ ነው፣ ጓድ» አልሁት።

በላው። ሁለት ጊዜ ውኃ አስከትሎ ዋጠው። ተጠሪው አጨበጨበ፣ ወላጆችም ተከተሉ። ጓድ ታከለ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ እኔም እስከ መጨረሻው አየሁት። ደስታዬን ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ የጠገበ ሰው ደስታ ነበር። ወደ ትምህርት ቤታችን ዳግመኛ አልመጣም። ጭብጦውም አልተመለሰም። እንደገና ከቤት ቤት መዞር እችል ነበር፤ ያንን ሁለት ወር ግን ቀን ስመርጥ ነው ያሳለፍሁት።

አሁን ጡረተኛ ነኝ፣ በየጊዜው ለንስሐ አባቴ እናዘዛለሁ። በሁዳዴ እንቁላል መብላቴን ነግሬያቸው ስግደት አዘዙኝ፣ ፈጸምሁ። ሰውየውን እንዳበላሁት ግን እስካሁን አልነገርኋቸውም። ብነግራቸው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ተጸጽቼ እንደሆነ ነው። በንስሐ ደግሞ አይዋሽም።