በረንዳዬ ላይ ያደረችው እንግዳ

ነገሩ አንድ መጋዘን አስወጣኝ። ግድግዳው የተለሰነ፣ ቆርቆሮው የማያፈስ፣ የባቄላ ጆንያ የምደረድርበት መጋዘን። ማን እንደወሰደብኝ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሱቄ በረንዳ ላይ ከአረብ አገር የተመለሰች ሴት ታድር ነበር። በላከችው ብር ወንድሟ ቤት ሠርቶ ካርታውን በራሱ ስም አወጣ። ክሰሺው ስትባል "ደሜን ችሎት አላቆምም" ብላ ተወችው። ማታ ሱቅ ስዘጋ ካርቶን አቀብላታለሁ፤ ጠዋት ደጁን ጠርጋ ትጠብቀኛለች። ከዚህ ያለፈ አንነጋገርም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አገር አቀፍ የቤት ማኅበር መጣ ተብሎ መካነ ሰላም አዳራሽ ተጠራን። ሰው ሁሉ በአቅሙ ቤት እንዲያገኝ፣ ጎዳና የሚያድር እንዳይኖር የሚሟገት ነው አሉ። ሰደርያ የለበሰውን ተወካይ፣

"ቤት ትሠራላችሁ?" አልኩት።

"አንሠራም፣ ጋሼ። ድምፅ እናሰማለን።"

"እሱስ በኪሎ ነው በጆንያ?"

አዳራሹ ሳቀ። እሱም ስቆ ሲያበቃ፣ "እዚህ መካከል ቤት የሌለው አለ?" አለ።

በእኛ አገር ይኼ ሰው ፊት አይጠየቅም፤ ቢጠየቅም አይመለስም። ከሱቄ ፊት ለፊት ሳሙና የሚሸጠው ጎረቤቴ ግን፣

"የእሱ በረንዳ ላይ የምታድረዋ አለች አይደል?" ብሎ ኋላ በሩ ጋ ወደ ተቀመጠችው ጠቆመ።

ሰው ሁሉ ዞረ። እሷ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ብድግ ብዬ፣

"እንግዳዬ ነች!" አልኩ።

ከፊት የተቀመጡ ሽማግሌ ቀስ ብለው ዞሩ። "አስተግፊሩላህ! አንተ እንግዳ በረንዳ ላይ ታሳድራለህ?"

"መጋዘኑን... እያስለቀቅኩላት ነው" አልኩ። "ዛሬ ትገባለች።"

ሽማግሌው አላመኑኝም መሰለኝ፣ ከስብሰባው ወጥተው በቀጥታ ሱቄ መጡ። ባቄላው እስኪወጣ በርጩማዬ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። እሷ መጋዘኑ በር ላይ ቆማ፣

"ውሸታም እንዳይባሉ ብዬ ነው የምገባው፣ ወላሂ" አለችኝ።

"ግቢ ብቻ።"

"እስከ መቼ ነው እንግዳ የምሆነው?"

"እኔ ምኑን አውቄ!"

በማግስቱ ባለሰደርያው ሊሰናበተኝ መጣ። "አዩ፣ ጋሼ? ድምፅ ሲሰማ እንዲህ ነው።" የማን ድምፅ? እሱ አልሠራ፣ እሷ አልለመነች፣ እኔ አላሰብኩት። ጎረቤቴን እንዳልወቅስ ደግሞ ትናንት አብሮኝ ጆንያ ሲሸከም የዋለው እሱ ነው።

ዝናቡ ገብቷል። እሷ መጋዘን ናት። ባቄላው ሳሎኔ ነው። በረንዳው ባዶ ነው።